ያልተሠመረው መሥመር፤ የሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ሕይወትና የማየት ምስጢር

መሐንዲስ በሥራው ጠባይ ከብዙ ሰው ይልቅ ዓይኑን የሚያምን ባለሙያ ነው። ፕላን ያነባል፤ የመለኪያ መርፌ ይከታተላል፤ የግድግዳን ቀጥ ማለት አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ይመረምራል። ይሁን እንጂ ካየነው ነገር ምን ያህሉ ከብርሃን ጋር ከውጭ የመጣ፣ ምን ያህሉስ አንጎላችን ከራሱ አውጥቶ የጨመረው እንደ ሆነ ቆም ብለን የምናስብበት ጊዜ ጥቂት ነው። ይህን ጥያቄ ከፍልስፍና አዳራሽ አውጥተው ወደ ላቦራቶሪ ካስገቡት ሊቃውንት መካከል ግንባር ቀደሙ ጀርመናዊው ሄርማን ፎን ሄልምሆልትዝ ነው። የሙያ ባልደረቦቻችን ስሙን የሚያውቁት በኃይል አለመጥፋት ሕግ፣ እንዲሁም በስሙ በሚጠራው ጥምር የሽቦ ጥቅልና በድምፅ ማስተጋቢያው ዕቃ ነው። ዓይንን ለመመርመር ያዋላቸው ዓመታት ግን ከእነዚህ ያላነሰ ፍሬ ሰጥተዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩን በምሳሌ ለማስረዳት አንባቢ በአንድ ነጭ ወረቀት ላይ ሦስት ጥቁር ክቦችን በሦስት ማዕዘን አቀማመጥ ይሣል። ከድፎ ዳቦ ላይ ቁራሽ እንደሚነሣ ሁሉ፣ ከእያንዳንዱ ክብ አንድ ስድስተኛውን ቆርሶ ያውጣ፤ የተቆረሱትም አፎች ወደ መካከል ዞረው እርስ በርስ እንዲተያዩ ያድርግ። ያን ጊዜ በመካከላቸው አንድ ነጭ ሦስት ማዕዘን ጎልቶ ይታያል። ጠርዞቹ የሰሉ ናቸው፤ ገጹም ከወረቀቱ ይልቅ የነጣ ይመስላል። በብርሃን መለኪያ ሲመረመር ግን የሦስት ማዕዘኑ ውስጥና ውጭ አንድ ነው፤ ክቦቹን በሚያገናኘው ባዶ ቦታ ላይም አንዲት ነጥብ ቀለም አላረፈችም። ምናባዊ ጠርዝ የሚባለው ይህ ነው። ሄልምሆልትዝ ይህን ሥዕል ሳያይ ሞተ፤ ሥዕሉ ለሚያነሣው ጥያቄ መልስ የሚፈለግበትን መንገድ ግን አስቀድሞ የጠረገው እርሱ ነበር።

ሄልምሆልትዝ ኦገስት 31 ቀን 1821 በፕሩሲያ ግዛት በፖትስዳም ከተማ ተወለደ። አባቱ ፈርዲናንድ በከተማው ጂምናዝየም መምህር፣ ፍልስፍና ወዳድና ጥቂት ደመወዝ ያለው ሰው ነበር። ሕፃኑ እስከ ሰባት ዓመቱ ድረስ በሽታ የሚመላለስበት ስለ ነበር ብዙውን ጊዜ በቤት ውስጥ ያሳልፍ ነበር። መጫወቻው የእንጨት ጡብ ነበረ። ተማሪ ቤት ገብቶ ጂኦሜትሪ ሲጀምር መምህራኑን እስኪያስደንቅ ድረስ የቅርጾችን ጠባይ አስቀድሞ የሚያውቀው ሆኖ ተገኘ፤ እጁ ከጡቦቹ ተምሮት ነበርና። ግንኙነት የሌላቸውን ነገሮች በቃል ማጥናት ግን ይከብደው ነበር።

ከዚያ ዘመን አንድ ትዝታ ዕድሜ ልኩን አልተለየውም። ከእናቱ ጋር በፖትስዳም የጦር ሠራዊት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ሲያልፍ በማማው ሰገነት ላይ የቆሙ ሰዎች ያይና አሻንጉሊቶች ይመስሉታል። እናቱም እጇን ዘርግታ እንድታወርድለት ይለምናታል። ሕፃኑ ርቀትን በዓይን መመዘን ገና አልተማረም ነበር። ካደገ በኋላ ይህን ትዝታ በታላቁ የዓይን ጥናት መጽሐፉ ውስጥ አስገብቶታል፤ ምክንያቱም ማየት ከልማድ የሚገኝ ችሎታ መሆኑን ያስተማረው የመጀመሪያው ማስረጃ የራሱ ስሕተት ነበር።

ወጣቱ ሄልምሆልትዝ ምኞቱ ፊዚክስን ማጥናት ነበር። የቤተሰቡ አቅም ስላልፈቀደ በ1838 በበርሊን ወደሚገኘው የሠራዊት ሐኪሞች ማሠልጠኛ ገባ። ትምህርቱ በነጻ የሚሰጥ ሲሆን፣ ተማሪው በለውጡ ለስምንት ዓመት በሠራዊቱ ውስጥ በሐኪምነት ያገለግል ዘንድ ይገደድ ነበር። በበርሊን በዘመኑ ስመ ጥር በነበረው በዮሐንስ ሙለር ሥር የሥነ ሕይወት ምርምርን ተማረ። በ1842 የዶክተርነት ማዕረጉን ካገኘ በኋላ በፖትስዳም ከሚገኝ ክፍለ ጦር ጋር ተመደበ፤ በወታደሮቹም ሰፈር ውስጥ ትንሽ ላቦራቶሪ አቋቋመ።

በዚያ ዘመን ብዙዎች ሊቃውንት ሕይወት ያለው አካል ከፊዚክስና ከኬሚስትሪ ሕግ ውጭ የሆነ ልዩ ኃይል አለው ብለው ያምኑ ነበር። ሄልምሆልትዝ የእንቁራሪት ጡንቻ ሲኰማተር የሚሰጠውን ሙቀት በመለካት ጉዳዩን ለመፈተን ተነሣ። ከዚህ ሥራ የተነሣ ሐሳብ አድጎ በጁላይ 23 ቀን 1847 ለበርሊን ፊዚክስ ማኅበር ያቀረበው የኃይል አለመጥፋት ጥናት ሆነ። ዩሊየስ ማየርና ጀምስ ጁል በየፊናቸው ወደዚሁ ሕግ ደርሰው ነበር፤ የሄልምሆልትዝ ድርሻ ሕጉን በሒሳብ አደራጅቶ ከሜካኒክስ እስከ ኤሌክትሪክ ድረስ ማስፋፋቱ ነው። በዘመኑ ዋነኛ የነበረው የፊዚክስ መጽሔት ጽሑፉን አላወጣለትም፤ ስለዚህ ለብቻው በትንሽ መጽሐፍ መልክ ታተመ። ደራሲው ገና ሃያ ስድስት ዓመት አልሞላውም ነበር።

በ1848 በአሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት አማላጅነት ከሠራዊቱ ግዴታ ቀድሞ ተሰናበተ። በሚቀጥለውም ዓመት በኮኒግስበርግ ዩኒቨርሲቲ የፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ፤ ኦልጋ ፎን ቬልተንንም አገባ። መምህሩ ሙለር በነርቭ ውስጥ የሚያልፈው መልእክት ፈጽሞ ሊለካ በማይቻል ፍጥነት ይጓዛል ብሎ ያስብ ነበር። ተማሪው ግን የመሐንዲስ ብልሃት ተጠቀመ። የእንቁራሪትን ነርቭ መጀመሪያ ከጡንቻው አጠገብ፣ ቀጥሎም ራቅ ካለ ቦታ በኤሌክትሪክ እየነካ፣ ጡንቻው እስኪኰማተር ያለውን ጊዜ ያነጻጽር ጀመር። ነርቩ ሲነካ አንድ የኤሌክትሪክ ጅረት ይከፈታል፤ ጡንቻው ሲንቀሳቀስ ጅረቱን ይቈርጠዋል፤ የጋልቫኖሜትሩ መርፌ የተዛወረበት መጠን ያለፈውን ጊዜ ይናገራል። በሙከራው ላይ ውጤቱን የምትመዘግብለት ባለቤቱ ኦልጋ ነበረች። ፍጥነቱ በሴኮንድ ከ25 እስከ 40 ሜትር ባለው መካከል ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከድምፅ ፍጥነት አንድ ዐሥረኛ ገደማ ነው።

ውጤቱ በ1850 ሲነገር ብዙዎችን አስደነቀ። ቁም ነገሩ ግን ከቍጥሩ ያለፈ ነው። አንጎል ከውጭው ዓለም ጋር በቀጥታ አይገናኝም ማለት ነውና። የሚደርሰው እንደ ቴሌግራፍ በሽቦ የሚላክ፣ ጊዜ የሚወስድና መተርጐም የሚያስፈልገው ምልክት ብቻ ነው። የሄልምሆልትዝ የኋላ ዘመን የማየት ትምህርት በሙሉ የተገነባው በዚህ መሠረት ላይ ነው ለማለት ይቻላል።

በዚያው ዓመት መጨረሻ ለተማሪዎቹ ስለ ዓይን ትምህርት ሲያዘጋጅ፣ የሰው ብሌን ከውጭ ሲታይ ስለ ምን ጥቁር እንደሚሆን አሰበ። ወደ ዓይን የገባው ብርሃን በመጣበት መንገድ ተመልሶ ይወጣል፤ ስለዚህ ተመልካቹ ብርሃኑን ሳይከልል በዚያው መንገድ ላይ መገኘት አለበት። ከመነጽር መስተዋትና በማይክሮስኮፕ ከሚያገለግል ስስ መስተዋት፣ በካርቶን ላይ አጣብቆ፣ አንድ ቀላል መሣሪያ ሠራ። በዚህም መሣሪያ በሕያው ሰው ዓይን ውስጥ ሬቲናን ለማየት በቃ። በ1851 ስለ መሣሪያው ያሳተመው ጽሑፍ የዓይን ሕክምናን ከሥር መሠረቱ የለወጠ ሆነ። ዛሬም በየሆስፒታሉ ሐኪሞች ወደ ዓይን ውስጥ የሚመለከቱባቸው መሣሪያዎች በዚያው መርሕ የሚሠሩ ናቸው።

በ1855 ወደ ቦን፣ በ1858 ወደ ሃይደልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በእነዚህ ዓመታት ያዘጋጀው የዓይን ፊዚዮሎጂ መጽሐፍ ከ1856 እስከ 1867 ድረስ በክፍል በክፍል እየታተመ ወጣ። የመጀመሪያው ክፍል ዓይንን እንደ ሌንስ፣ ሁለተኛው እንደ ብርሃን ተቀባይ ነርቭ፣ ሦስተኛው ደግሞ ማየትን እንደ ዕውቀት ይመረምራል። ሄልምሆልትዝ ዓይንን እንደ አንድ የተገዛ መሣሪያ ሲመዝነው ጉድለቱ በዛበት። ሌንሱ ፍጹም የጠራ አይደለም፤ ቀለማትን በአንድ ነጥብ ላይ አይሰበስብም፤ ነርቩ ከዓይን በሚወጣበት ቦታ ደግሞ ብርሃን የማይቀበል ዕውር ክፍል አለ። የዚህ ዕውር ክፍል ስፋት ቀላል አይደለም፤ ዐሥራ አንድ ሙሉ ጨረቃዎች ጎን ለጎን ቢደረደሩ በውስጡ ሊሰወሩ ይችላሉ። ይህም ሆኖ ማንም ሰው በፊቱ ላይ ጉድጓድ ተንጠልጥሎ አያይም።

ታዲያ እንዲህ ጉድለት የበዛበት መሣሪያ እንዴት የተሟላና የጸና ዓለም ያሳየናል? የሄልምሆልትዝ መልስ፣ ጉድለቱን የሚሞላው የአንጎል ፍርድ ነው የሚል ነበር። አንጎል ካለፈው ልምድ በመነሣት፣ አሁን የደረሰኝን ምልክት በተለመደው ሁኔታ ሊያስገኝ የሚችለው ምን ዓይነት ነገር ነው ብሎ ይደመድማል፤ የደመደመውንም ለእኛ የታየ ነገር አድርጎ ያቀርበዋል። ድምዳሜው ከመወሰኑ በፊት ኅሊናችን አይጠየቅም። ስለዚህም ስውር ድምዳሜ ሊባል ይገባዋል። ለዚህ ማስረጃ ካደረጋቸው ሙከራዎች አንዱ ነገሮችን ወደ ጎን አሽሽቶ የሚያሳይ የፕሪዝም መነጽር ማድረግ ነው። ሰው በመጀመሪያ ዕቃ ለመያዝ ሲሞክር እጁ ይስታል፤ ጥቂት ከተለማመደ በኋላ ያርማል፤ መነጽሩን ሲያወልቅ ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ ይስታል። ከዚህ እንደምንረዳው በእጅና በዓይን መካከል ያለው ስምምነት በልምድ የሚስተካከል ነው።

ሥራው እየጠለቀ ሲሄድ የቤቱ ኑሮ ከባድ ሐዘን ደረሰበት። በ1859 አባቱ ሞተ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻም ለብዙ ጊዜ ታማ የቆየችው ኦልጋ ሁለት ልጆች ትታለት ዐረፈች። በ1861 አና ፎን ሞልን አገባ። በ1863 ስለ ድምፅ ስሜት የጻፈው ታላቅ መጽሐፍ ታተመ። ከኦልጋ የወለደው ልጁ ሪካርድ በሙኒክ የባቡር ሎኮሞቲቭ ዲዛይን መሐንዲስ ሆኖ ታውቋል፤ በስሙ የሚጠራውም የሎኮሞቲቭ መሪ እግር ለረዥም ዘመን አገልግሏል።

ሄልምሆልትዝ ተቃዋሚ አላጣም። ከሁሉም ብርቱው ኤቫልድ ሄሪንግ ነበር። ሄሪንግ የማየት ሥርዓት አብዛኛውን ችሎታውን ሲፈጠር ይዞት እንደሚመጣ፣ የንጽጽር ማሳሳቻዎችም በነርቮች እርስ በርስ መነካካት እንጂ በድምዳሜ እንደማይመጡ ይከራከር ነበር። ሄልምሆልትዝ በበኩሉ ትምህርቱን ማጥራቱን አላቋረጠም። በ1871 በበርሊን የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆኖ ከተሾመ በኋላ፣ በ1878 በዩኒቨርሲቲው ባደረገው ንግግር ስሜቶቻችን የውጭው ዓለም ምልክቶች እንጂ ሥዕሎች እንዳልሆኑ አስረዳ። ይህ ለመሐንዲስ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። የግፊት መለኪያ መርፌ ከእንፋሎት ጋር ምንም መልክ አይጋራም፤ ነገር ግን በትክክል ከተመጠነ ስለ እንፋሎቱ እውነቱን ይናገራል።

የሕይወቱ የመጨረሻ ምዕራፍ ከዚህ ጋር በእጅጉ የተያያዘ ነው። በ1887 ወዳጁ ቨርነር ፎን ሲመንስ በቻርሎተንበርግ በለገሰው መሬት ላይ የጀርመን የፊዚክስና የቴክኒክ ተቋም ተመሠረተ፤ ሄልምሆልትዝም በ1888 የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆነ። የተቋሙ ሥራ ትክክለኛ ምርምርና ለኢንዱስትሪ የሚሆኑ የመለኪያ መሥፈርቶችን ማደራጀት ነበር። የሰው ዓይን ተርጓሚ መሆኑን ከማንም አብልጦ ያወቀው ሊቅ ሽምግልናውን የሰጠው፣ ልኬት በአንድ ሰው ዓይን ላይ ብቻ እንዳያርፍ ለማድረግ ነው። በ1893 በቺካጎ ከተደረገው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ ሲመለስ በመርከብ ደረጃ ላይ ወድቆ ተጎዳ። በሚቀጥለው ዓመት መጀመሪያ ቀን እጅግ የሚወደው ተማሪው ሃይንሪኽ ኸርትዝ በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ሞተበት። እርሱም በጁላይ በደረሰበት የአንጎል ደም መፍሰስ ታሞ፣ ሴፕቴምበር 8 ቀን 1894 በሰባ ሦስት ዓመቱ ዐረፈ።

ከሞቱ ስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1900፣ በዚያው በበርሊን ይሠራ የነበረው ፍሪድሪኽ ሹማን ቀለም በሌለበት ቦታ ጠርዝ እንደሚታይ ገልጾ ጻፈ። በ1955 ጣሊያናዊው ጋኤታኖ ካኒዛ ከላይ የጠቀስነውን ሦስት ማዕዘን አቀረበ፤ ሥዕሉም እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ወዲያውም የሄልምሆልትዝና የሄሪንግ ዓይነት ክርክር እንደ ገና ተነሣ። እንግሊዛዊው ሪቻርድ ግሪጎሪ በ1972 ምናባዊ ጠርዝን የአንጎል ግምት አድርጎ ተረጐመው፤ ክቦቹን ቆርሶ የሸፈነ ነጭ ነገር ከፊት ተቀምጧል የሚለው ግምት ከሁሉ የበለጠ ምክንያታዊ ነውና። ካኒዛ ግን ማየትን ከማሰብ ለይቶ መመልከት እንደሚገባ አጥብቆ ያስተምር ነበር።

ክርክሩን ወደ ነርቭ ሴል ያወረደው በ1984 በዙሪክ የተደረገው ምርምር ነው። ሩዲገር ፎን ደር ሃይት፣ ኤስተር ፔተርሃንስና ጉንተር ባውምጋርትነር በነቁ ዝንጀሮዎች አንጎል ውስጥ የነጠላ ሴሎችን ምላሽ መዘገቡ። ከዓይን የሚመጣው መልእክት በአንጎል ቅርፊት ላይ መጀመሪያ የሚያርፍበት ክልል በራስ ቅል የኋላ ክፍል ይገኛል፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሁለተኛው ክልል አለ። በሁለተኛው ክልል ውስጥ ከሚገኙት ሴሎች ብዙዎቹ፣ የተሠመረ ጠርዝ ሲቀርብላቸው እንደሚያደርጉት ሁሉ፣ ባዶ ቦታን አቋርጦ ለሚታየው ምናባዊ ጠርዝም ምላሽ ሰጡ። ተመራማሪዎቹ የተቆረሱትን አፎች በቀጭን መሥመር ሲዘጉ ለሰው ዓይን ጠርዙ ይጠፋል፤ የሴሎቹም ምላሽ አብሮ ይደክማል። በ2001 የወጣ ሌላ ጥናት በመጀመሪያው ክልል የሚገኙ ሴሎችም ምላሽ እንደሚሰጡ፣ ነገር ግን ከሁለተኛው ክልል ዘግይተው መሆኑን አሳየ። ይህም ከላይ ያለው ክፍል ግምቱን ወደ ታች እየመለሰ እንደሚልክ የሚያመለክት ሆኖ ተወስዷል።

እንግዲህ ሄልምሆልትዝ ተረታ ወይስ ረታ? አንጎል የጐደለውን እንደሚሞላና የሞላውንም የታየ አስመስሎ እንደሚያቀርብ የተናገረው ጸንቷል። ነገር ግን ድምዳሜው እርሱ እንዳሰበው በየሰዉ ልምድ ብቻ የሚገኝ አይመስልም። ንቦችና ጉጉቶች ሳይቀሩ ምናባዊ ጠርዝን እንደሚለዩ በሙከራ ታይቷል፤ ምላሹም የሚጀምረው ከማሰብ በፊት፣ በማየት የመጀመሪያ ደረጃዎች ላይ ነው። በዚህ በኩል ሄሪንግና ካኒዛም ድርሻቸውን ያገኛሉ። ሦስት ማዕዘኑ እንደሌለ እያወቅን የማይጠፋልንም ስለዚህ ነው፤ ዕውቀታችን ሴሎቹን ዝም ሊያሰኛቸው አይችልም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ይህን በመጽሐፍ ከማንበቡ በፊት በሥራ ላይ ተምሮታል። በአንድ ግንባታ፣ በእጥፋቱ ላይ የተፈገፈገ የመሠረት ፕላን ይዞ ሲያሠራ፣ ከእጥፋቱ ወዲህና ወዲያ የሚያልቁትን ሁለት የቢም መሥመሮች አንድ ቀጥ ያለ ቢም አድርጎ አየ። አልተጠራጠረም፤ አላሰበበትምም፤ መሥመሩ ታየው እንጂ። ፌሮው በዚያው መሠረት ታስሮ ኮንክሪት ሊሞላ ሲል፣ የፌሮው ካቦ የከፍታውን ቍጥር ከሁለቱም ጫፍ እንዲያነብለት ጠየቀው። ቍጥሮቹ ተለያዩ፤ ሁለቱ ቢሞች በተለያየ ከፍታ የሚቀመጡ ነበሩ። ፌሮው ተፈትቶ እንደ ገና ታሰረ። አቅራቢው በጊዜው ያፈረው በቸልተኝነቱ ነበር። ዛሬ ሲመለከተው ግን ነገሩ ከቸልተኝነት ይለያል፤ በትጋት እያየ ነበር የሳተው።

በአሮጌ የኤሌክትሪክ መለኪያዎች ላይ ከመርፌው ሥር ትንሽ መስተዋት ትደረግ ነበር። አንባቢው መርፌውና ጥላው አንድ እስኪሆኑ ድረስ ራሱን እንዲያስተካክልና ከዚያ በኋላ ብቻ ቍጥሩን እንዲጽፍ ታስቦ ነው። መስተዋቷ በባለሙያው ላይ እምነት ከማጣት የተደረገች አይደለችም፤ የዓይኑን ጠባይ አውቃ የምትረዳው ናት። የፖትስዳሙ ሕፃን በማማው ላይ ካያቸው አሻንጉሊቶች ተነሥቶ እስከ ቻርሎተንበርጉ የመለኪያ ተቋም የተጓዘበት መንገድም ይኸው ነው። እኛም ከቍጥር ጋር ያላመሳከርነውን መሥመር፣ ምንም ያህል ጠርቶ ቢታየን፣ ገና ያልተሠመረ አድርገን ብንቈጥረው ለሙያችን ይበጃል።